ሰንጠረዡን ያለ ሽምደዳ፦ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በካርድና በእንቆቅልሽ ለመማር

አብዛኛው ተማሪ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የሚይዘው በቃሉ ነው። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ ሳይወስድ ካልሲየም ላይ ይደርሳል። “ከማግኒዚየም በታች ያለው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ ከሃይድሮጅን እንደገና ይነሣል። ስሞቹን ይዟል፣ ቦታቸውን ግን አልያዘም። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ምን ጠባይ እንዳለው፣ ከማን ጋር እንደሚጣመር፣ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚጠቁመን የተቀመጠበት ረድፍና ዓምድ ነው።

ፊደል ገበታን አስቡት። ከ“በ” ወደ ጎን ብትሄዱ ቡ፣ ቢ፣ ባ ትላላችሁ፤ ከ“ቡ” ወደ ታች ብትወርዱ ቱ፣ ቹ ይመጣል። ረድፉንና ዓምዱን የሚያውቅ ልጅ ከገበታው ላይ አንዱን ፊደል በጣታችሁ ብትሸፍኑበት እንኳን ድምፁን ይነግራችኋል። የንጥረ ነገሮችም ሰንጠረዥ እንዲሁ ሊነበብ ይችላል።

ስለዚህ ጨዋታ ስትመርጡ መመዘኛችሁ ይህ ይሁን፦ ጨዋታው ተጫዋቹ ያላየውን ነገር ከቦታው ተነሥቶ እንዲገምት ያስገድደዋል ወይ? ካላስገደደው ጨዋታ ተብሎ የተሰየመ ሽምደዳ ነው። በስልክ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ መለማመጃዎች ምልክት ያሳዩና ስም ይጠይቃሉ፤ ሲሳካላችሁ ደወል ይደውላሉ፣ ኮከብ ይሰጣሉ። ቀለማቸው ያምራል፤ ከዚያ ያለፈ ብዙም አላየሁባቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ጨዋታዎች ወረቀት፣ መቀስና እስክሪብቶ ብቻ የሚፈልጉ ናቸው። ለአንድ ተማሪም፣ ለቤተሰብም፣ ለክፍልም ይሆናሉ።

ካርዶቹን ማዘጋጀት

ለመጀመሪያው ዙር 20 ካርድ ይበቃል፤ ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም። 118ቱን በአንድ ጊዜ ልሥራ ማለት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ተቆርጦ ሳያልቅ ጉጉቱ ያልቃል።

ያረጀ የሠርግ መጥሪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ወፍራም ነው፣ አንድ ገጹ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ በየቤቱ መሳቢያም ሞልቷል። ሁለቱን በሙጫ ጀርባ ለጀርባ ብታጣብቁ በሁለቱም በኩል ነጭ ይሆናል። ካልተገኘ የጫማ ካርቶን ይተካዋል። ስስ ወረቀት ግን አትጠቀሙ፤ ከወዲያ ያለው ጽሑፍ ስለሚታይ ጨዋታው ይበላሻል። ስፋቱ 6፣ ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለእጅ ይመቻል።

በካርዱ ፊት ምልክቱን በትልቁ፣ ከሥሩ ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉ። በጀርባው ሦስት ነገሮች ብቻ ይጻፋሉ፦ የአቶሙ ክብደት፣ በመደበኛ ሙቀት ጠጣር ወይስ ጋዝ መሆኑ፣ እና አንዱ አቶም ከስንት የሃይድሮጅን አቶም ጋር እንደሚጣመር። ስምም፣ አቶሚክ ቁጥርም በጀርባው ላይ አይጻፍ። የጨዋታው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ክብደቶቹ እነሆ፦ ሃይድሮጅን 1፣ ሂሊየም 4፣ ሊቲየም 7፣ ቤሪሊየም 9፣ ቦሮን 11፣ ካርቦን 12፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16፣ ፍሎሪን 19፣ ኒዮን 20.2፣ ሶዲየም 23፣ ማግኒዚየም 24.3፣ አሉሚኒየም 27፣ ሲሊከን 28.1፣ ፎስፈረስ 31፣ ድኝ 32.1፣ ክሎሪን 35.5፣ አርገን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10፣ ካልሲየም 40.08። የአርገንንና የፖታሲየምን ነጥብ አታጠጋጉ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ከእነዚህ ውስጥ ጋዝ የሆኑት ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፣ ኒዮን፣ ክሎሪንና አርገን ናቸው፤ ሌሎቹ ሁሉ ጠጣር። የሃይድሮጅኑን ቁጥር በተመለከተ ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ፍሎሪንና ክሎሪን ላይ 1 ጻፉ። ቤሪሊየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ኦክስጅንና ድኝ ላይ 2፤ ቦሮን፣ አሉሚኒየም፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ላይ 3፤ ካርቦንና ሲሊከን ላይ 4። ሂሊየም፣ ኒዮንና አርገን ዜሮ ናቸው።

ካርዱን የሚጽፈውና የሚጫወተው የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጽፋችሁ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት።

ማሟሻ፦ የመካከለኛውን ክብደት መገመት

ሊቲየምን፣ ሶዲየምንና ፖታሲየምን አውጡ። የሁለቱን ዳርቻ ክብደት፣ 7 እና 39ን፣ ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ 23 ይሆናል፤ ይህም የሶዲየም ክብደት ነው። ከዚያ ተጫዋቹን በቃል ጠይቁት፦ ክሎሪን 35.5 ነው፣ አዮዲን 127 ነው፣ በመካከላቸው ያለው ብሮሚን ስንት ይሆናል? ስሌቱ 81.25 ይሰጣል፤ እውነተኛው 79.9 ነው። ካልሲየም 40፣ ባሪየም 137 ከሆነ ስትሮንቲየምስ? 88.5 ይወጣል፤ እውነተኛው 87.6።

ይህን ያስተዋለው ጀርመናዊው ዮሃን ቮልፍጋንግ ዶበራይነር ነው፤ በ1829 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ሦስቱን ቡድኖች አሳትሞ አወጣ። ያኔ ሰንጠረዥ የሚባል ነገር አልነበረም። ማሟሻው አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ተጫዋቹ ግን “ያላየሁትን በስሌት አገኘሁ” የሚለውን ስሜት ይዞ ወደ ዋናው ጨዋታ ይገባል።

ዋናው ጨዋታ፦ ሰንጠረዡን ራሳችሁ ሥሩት

ሩሲያዊው ኬሚስት ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን በ1869 ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። ስማቸውንና ክብደታቸውን በካርዶች ላይ ጽፎ እንደ ካርታ ጨዋታ ይደረድራቸው ነበር ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ወሬ እውነት ስለመሆኑ ይከራከራሉ፤ ለእኛ ግን ሐሳቡ ይበቃናል።

መጀመሪያ ሃይድሮጅንን፣ ሂሊየምን፣ ኒዮንንና አርገንን አንሡ። ሃይድሮጅን ጠባዩ ለብቻው ስለሆነ ጀማሪን ያደናግራል። ሦስቱን ጋዞች ደግሞ ሜንዴሌቭም አልነበሩትም፤ አርገን እንኳን የተገኘው በ1894 ነው። የቀሩትን 16 ካርዶች በውዙና ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጓቸው። ተጫዋቹ በክብደት ቅደም ተከተል፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በአንድ ረጅም መስመር ይደርድራቸው። መሬት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ጠረጴዛ ይጠባል።

አሁን መምህር ወይም ወላጅ የሆናችሁ ዝም የምትሉበት ሰዓት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ “የሃይድሮጅኑን ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ።” ተጫዋቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይላል፤ ቀጥሎም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይላል፤ ከዚያ 1፣ 2 ብሎ ያበቃል። ብዙዎቹ ሁለተኛው ዙር መሐል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀየራል። ያንን መስመር ቆርጠው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሥር እስኪያደርጉት ጠብቁ፤ እጃችሁን አትዘርጉ።

አንዳንዱ ተጫዋች ቸኩሎ “1” የሚሉትን ሁሉ አንድ ላይ ይሰበስባል፤ ሊቲየምና ፍሎሪን አንድ ቤት ይገቡበታል። ተሳስተሃል አትበሉት። “እነዚህ ሁለቱ በመደበኛ ሙቀት ምን ዓይነት ናቸው?” ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጠጣር፣ አንዱ ጋዝ መሆኑን ሲያይ ራሱ ይለያቸዋል። ክብደታቸውም የት የት ሊያስቀምጣቸው እንደሚገባ ይነግረዋል።

ሦስቱ መስመሮች አንዱ ከአንዱ ሥር ሲገቡ ካርዶቹን ገልብጡ። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም በአንድ ዓምድ፤ ፍሎሪንና ክሎሪን በአንድ ዓምድ ተሰልፈው ይገኛሉ። ማንም ያልነገረውን ሰንጠረዥ ተጫዋቹ ሠርቶታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የጠፋው ካርድ ጨዋታ ይመጣል። ተጫዋቹ ዓይኑን ይጨፍን፤ ማግኒዚየምን አንሡና ደብቁ። ክፍተቱን እንዳለ ተዉት፤ ካርዶቹን አታጠጉ። ከዚያ ስለ ጠፋው ካርድ ሦስት ነገሮች ይገምት። በግራው ሶዲየም 23፣ በቀኙ አሉሚኒየም 27፣ ከላዩ ቤሪሊየም 9፣ ከሥሩ ካልሲየም 40 አለ። አራቱ ሲደመሩ 99፣ ለአራት ሲካፈሉ 24.75 ነው። እውነተኛው 24.3! ዙሪያው ሁሉ ጠጣር ስለሆነ ጠጣር ነው፤ ዓምዱ 2 ስለሚል ሃይድሮጅኑ 2 ነው። ካርዱ ሲወጣ ሁሉም ይገጥማል። በሌላ ዙር ሲሊከንን ወይም ድኝን ደብቁ። እነርሱ ከታቻቸው ካርድ ስለሌላቸው ግምቱ ትንሽ ይስታል፤ ለምን እንደሳተ መነጋገሩም የጨዋታው አካል ነው።

አሁን ያነሣችኋቸውን ሦስት ጋዞች አምጡ። ሂሊየምና ኒዮን በክብደታቸው ያለ ችግር ይገባሉ፤ ዜሮ ዜሮ የሚል አዲስ ዓምድ በዳር ይከፈታል። አርገን ላይ ግን ጠብ ይነሣል። 39.95 ከፖታሲየም 39.10 ይበልጣል፤ ስለዚህ በክብደት ሕግ አርገን ከፖታሲየም በኋላ መቀመጥ አለበት። እንዲያ ከሆነ ጋዙ ከሊቲየምና ከሶዲየም ሥር ሊገባ ነው፣ ፖታሲየም ደግሞ ከኒዮን ሥር። ተጫዋቾቹ ይከራከሩ። ክብደቱን ትተን ጠባዩን እንከተል የሚሉት ልክ ናቸው፤ ሜንዴሌቭም ቴሉሪየምንና አዮዲንን ሲያስቀምጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ምክንያቱን በ1913 ያሳየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሌይ ነው። ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን የኤክስ ሬይ ጨረር ለክቶ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በአቶሙ ውስጥ ባለው የፕሮቶን ብዛት፣ ማለትም በአቶሚክ ቁጥር፣ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ። አሁን በየካርዱ ፊት ላይ አቶሚክ ቁጥሩን ጻፉ፤ ቀድማችሁ አለመጻፋችሁ ለምን እንደሆነም ተጫዋቹ በዚህ ጊዜ ይገባዋል።

ልጆች ሲሳሳቁባችሁ ለምትነግሩት አንድ ነገር ልጨምር። ከሜንዴሌቭ በፊት ጆን ኒውላንድስ የተባለ እንግሊዛዊ በየስምንተኛው ጠባዩ ይደገማል ብሎ በ1866 ለኬሚስቶች ማኅበር ሲያቀርብ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ “በመነሻ ፊደላቸው ብትደረድራቸውስ?” ብሎ አላግጦበታል። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ሽልማት ተሰጠው።

እንቆቅልሽ

የአያቶቻችን እንቆቅልሽ ለዚህ ሰንጠረዥ ልክ ይሆናል። ጠያቂው “እንቆቅልሽ” ይላል፤ ተጠያቂው “ምን አውቅልህ” ወይም “ምን አውቅልሽ” ይላል። መልሱን ያጣ ሰው በባህሉ “አገር ስጠኝ” ተብሎ አገር ይሰጣል፤ እዚህ ግን ካርድ ይሰጣል። የሰጠው ካርድ ጠያቂው የማይፈልገው ከሆነ “ይህስ አልተመቸኝም” ብሎ ሌላ ማስመጣት ይችላል። ካርዱ ያለቀበት ይወጣል።

አንድ ሕግ አትርሱ፦ እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ቢያንስ አንድ የቦታ ፍንጭ ይኑረው። “ከክሎሪን ሁለት ቤት ዝቅ ብዬ” ወይም “በሦስተኛው ረድፍ ዳር” የሚል። ያለዚያ ጨዋታው ወሬ ብቻ ይሆናል። ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂት እነሆ።

“ቢላ ይቆርጠኛል፣ ውኃ ያነደኛል፤ ከመርዛማው ጎረቤቴ ጋር ስጋባ ግን በየወጡ እገባለሁ። ቤቴ ሦስተኛው ረድፍ፣ የመጀመሪያው በር።” ሶዲየም ነው፤ ከክሎሪን ጋር የገበታ ጨው ይሆናል።

“በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ስበዛ ጥርስ አበላሻለሁ፣ በጥርስ ሳሙና ውስጥ በልክ ስገባ ጥርስ እጠብቃለሁ። ከኦክስጅን በስተቀኝ ነኝ።” ፍሎሪን።

“እኔ ስጠፋ እንቅርት ይወጣል፤ በጨው ማሸጊያ ላይ ስሜን ፈልግ። ከክሎሪን ሁለት ቤት ዝቅ ብዬ እኖራለሁ።” አዮዲን።

“በዳሎል ጨው ውስጥ ተኝቻለሁ፤ ለማዳበሪያ ይፈልጉኛል። ከሶዲየም ሥር ነኝ።” ፖታሲየም።

“መጀመሪያ በፀሐይ ላይ ታየሁ፣ በምድር ላይ የተገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፊኛ አነሣለሁ፣ እሳት አያውቀኝም። ከኒዮን በላይ ነኝ።” ሂሊየም። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ አዲስ መስመር ሆኖ ታየ፣ በምድር ላይ የተለየው በ1895 ነው።

“በጉጂ ቀንጢቻ ተቆፍሬ ወጣሁ፤ በእጅህ ስልክ ውስጥም ልኖር እችላለሁ። በስድስተኛው ረድፍ አምስተኛው ዓምድ ላይ ነኝ።” ታንታለም። ይህኛው ሰንጠረዡን ገልጠው እንዲያዩ ለተፈቀደላቸው ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው መግጠም ሲጀምሩ የጠያቂው ትምህርት ከመላሹ ይበልጣል። ወርቅን ከለገደምቢ፣ ፕላቲነምን ከወለጋ ዩብዶ፣ የሶዲየምን ሶዳ ከአብጃታ ሐይቅ እያነሡ እንዲገጥሙ አበረታቷቸው።

የምግብ ዝርዝር በምልክት

ይህ ጨዋታ ከሁሉ የበለጠ ሳቅ አለው። በላቲን ፊደል የተጻፈን የአማርኛ ቃል በንጥረ ነገር ምልክቶች ብቻ መሥራት ነው። ሙሉው ሰንጠረዥ በግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ማየት ይፈቀዳል።

በቡና እንጀምር። ቦሮን፣ ዩራኒየም፣ ሶዲየም፤ ቢ፣ ዩ፣ ኤን-ኤ። አቶሚክ ቁጥሮቹ 5፣ 92 እና 11 ሲደመሩ 108 ይሆናሉ፤ ይህ የቃሉ “ዋጋ” ነው። በርበሬ ደግሞ ቦሮን፣ ኤርቢየም፣ ቤሪሊየም፣ ሬኒየም ሆኖ 152 ያወጣል። ጤፍ ቴሉሪየምና ሁለት ፍሎሪን ነው፣ 70። ላሊበላ በላንታነም ጀምሮ በሊቲየምና በቤሪሊየም አልፎ በላንታነም ያበቃል፣ 121። ሐረር አንድ ሃይድሮጅንና ሁለት አርገን ብቻ ናት፣ 37። ሉሲ እንኳን ሉቴቲየም፣ ካርቦንና ኢትሪየም ሆና 116 ትመዝናለች።

አንዳንድ ቃል ከአንድ በላይ መፍቻ አለው። ቆጮን በመጨረሻው ላይ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አድርጋችሁ ከለያያችሁት 42 ነው፤ ሁለቱን ፊደሎች አጣምራችሁ ሆልሚየም ካላችሁት 100 ይሆናል። ትልቁን ዋጋ ያገኘ ያሸንፋል ብትሉ ተጫዋቹ ሰንጠረዡን ደጋግሞ እንዲያስስ ይገደዳል።

እንጀራና ጠጅ ግን አይሠሩም፤ ጅማም፣ ጅግጅጋም አይሠሩም። “ጄ” የሚባለው የላቲን ፊደል በ118ቱ ምልክቶች ውስጥ አንድም ቦታ የለም። “ኪው”ም የለም። ይህን አትንገሯቸው፤ እንጀራን ስጧቸውና ሲደክማቸው ይድረሱበት።

ጨዋታው እስካሁን ባለበት ሁኔታ በራሴ መመዘኛ ይወድቃል፤ ስምና ምልክት እንጂ ቦታ አያስተምርም። መድኃኒቱ ቃሉን በምልክት ሳይሆን በአድራሻ መላክ ነው። መጀመሪያ የረድፉን፣ ቀጥሎ የዓምዱን ቁጥር ጻፉ፤ በሙሉው ሰንጠረዥ ላይ ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 18 ይቆጠራሉ። ጣና “6–5፣ 3–1” ይሆናል፤ በስድስተኛው ረድፍ አምስተኛው ዓምድ ታንታለም፣ በሦስተኛው ረድፍ የመጀመሪያው ዓምድ ሶዲየም። ሥጋ “3–14፣ 4–13” ነው። ሁለት ልጆች በክፍል ውስጥ በዚህ ምሥጢራዊ ጽሑፍ ወረቀት መለዋወጥ ከጀመሩ እኔ ብሆን አልቀማቸውም።

እነዚህን ሞክሩ፤ መልሱ መጨረሻ ላይ አለ። ሀ) 6–6፣ 6–17። ለ) 4–14፣ 2–15፣ 2–17፣ 2–16። ሐ) 4–4፣ 2–13፣ 3–16። መ) 2–17፣ 6–9፣ 2–17፣ 6–9። ሠ) ቢንያም የሚለውን ስም በሦስት የተለያየ መንገድ ጻፉ። ረ) ዋጋቸው 76 የሆነ ሁለት የሚበሉ ነገሮችን አግኙ።

አስቸጋሪዎቹ 11 ምልክቶች ለብቻቸው ይለማመዱ፤ ከእንግሊዝኛ ስማቸው ጋር የማይገናኙት ማለቴ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ብረት፣ መዳብ፣ ብር፣ ቆርቆሮ፣ አንቲሞኒ፣ ተንግስተን፣ ወርቅ፣ ባዜቃና እርሳስ ናቸው። ስሙን በአንድ ካርድ፣ ምልክቱን በሌላ ጽፋችሁ ገልብጦ ማጣመር ይበቃል። ከእነዚህ ውጭ ተማሪን አዘውትረው የሚያጠምዱት ማግኒዚየምና ማንጋኒዝ ናቸው።

መርከብ ማስመጥ

ሁለት ተጫዋቾች፣ በመካከላቸው የቆመ ደብተር፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰንጠረዥ። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ረድፍ፣ ዓምድ 1፣ 2 እና ከ13 እስከ 18 ያሉትን ብቻ ተጠቀሙ፤ 40 ቤት ይሆናል። እያንዳንዱ ተጫዋች ባለ 2፣ ባለ 3 እና ባለ 4 ቤት መርከብ በእርሳስ ያሰምራል። ተኳሹ ቦታውንም ስሙንም መጥራት አለበት፦ “ረድፍ 4፣ ዓምድ 16፣ ሴሌኒየም።” ስሙን ከሳተ ጥይቱ ባከነ፤ መርከቡ እዚያ ቢኖርም እንኳን አይቆጠርለትም።

ሲለመድ ቁጥር መጥራትን ከልክሉ። “አምስት የኤሌክትሮን ቅርፊት ያለው፣ በውጪው ቅርፊት ሰባት ኤሌክትሮን ያለው” ብሎ የተኮሰ አዮዲንን መታ። የቅርፊቱ ብዛት የረድፉ ቁጥር ነው፤ ከዓምድ 13 እስከ 18 ላሉት ደግሞ ከዓምዱ ቁጥር 10 ሲቀነስ የውጪው ኤሌክትሮን ይገኛል። ይህን ሕግ በመጽሐፍ ካነበበ ተማሪ ይልቅ መርከቡ የሰጠመበት አይረሳውም።

ሰጪና ተቀባይ

20ውን ካርድ በአራት በአራት ቅጂ አባዙ፤ ካርቦንንና ሲሊከንን ተዉአቸው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ካርድ ይታደል፤ በየተራው ከክምሩ አንድ ይሳብ፣ አንድ ይጣል። የዓምድ 1 ካርዶች አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፣ ዓምድ 2 ሁለት፣ ዓምድ 13 ሦስት። ዓምድ 15 ሦስት ይቀበላል፣ 16 ሁለት፣ 17 አንድ። የሚሰጠውና የሚቀበለው እኩል ሲሆን ካርዶቹ ይወርዳሉ። አንድ ማግኒዚየም ከአንድ ኦክስጅን ጋር ይወርዳል፤ አሉሚኒየም ግን ሦስት ስለሚሰጥ ሁለት አሉሚኒየም ከሦስት ኦክስጅን ጋር ካልሆነ አይወርድም፤ ስድስት ለስድስት። ሃይድሮጅን ሰጪም ተቀባይም መሆን ይችላል። ሂሊየም፣ ኒዮንና አርገን ከማንም ጋር አይወርዱም፤ ጨዋታው ሲያልቅ በእጁ የቀሩበት ሰው በየካርዱ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል።

ለተማሪው አንድ ማሳሰቢያ ስጡት። መስጠትና መቀበል በትክክል የሚሠራው በብረታ ብረትና ብረታ ብረት ባልሆኑት መካከል ነው። ውኃ በጨዋታው ሕግ ቢወርድም፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን የሚጋሩት እንጂ አንዱ ለሌላው አስረክቦ የሚሄደው አይደለም።

ወደ 36፣ ከዚያም ወደፊት

ከስካንዲየም እስከ ክሪፕተን 16 ካርድ ጨምሩ፤ ለግምቱ ሥራ ኢንዲየምና ቆርቆሮንም አክሉ። አሁን የጠፋው ካርድ ጨዋታ ታሪክን መድገም ይሆናል። ሜንዴሌቭ በአሉሚኒየምና በሲሊከን ሥር ሁለት ቤት ባዶ ትቶ ነበር። ጋሊየምን ደብቁ፤ ዚንክ 65.4፣ ጀርማኒየም 72.6፣ አሉሚኒየም 27፣ ኢንዲየም 114.8። አማካያቸው 69.95 ነው፤ እውነተኛው 69.7። ጀርማኒየምን ደብቁ፤ ጋሊየም 69.7፣ አርሰኒክ 74.9፣ ሲሊከን 28.1፣ ቆርቆሮ 118.7። 72.85 ይወጣል፤ እውነተኛው 72.6። ሜንዴሌቭ የገመተው 72 ነበር፤ ጥግግቱንም 5.5 ብሎ ነበር፣ 5.3 ሆኖ ተገኘ። ንጥረ ነገሩን በ1886 ያገኘው ክሌመንስ ዊንክለር ነው።

የጋሊየም ታሪክ ደግሞ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን በ1875 አገኘውና ጥግግቱን 4.7 ብሎ ለካ። ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያየው “5.9 መሆን አለበት፣ አጥርተህ እንደገና ለካ” አለው። እንደገና ሲለካ 5.9 ሆነ። ይህን ለተማሪ የምትነግሩት ካርዱን ደብቃችሁ ራሱ ከገመተ በኋላ ይሁን፤ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ተረት ሆኖ ያልፋል።

ከ36 በኋላ ዓምዶቹን እንጂ ረድፎቹን አትከተሉ። ከሊቲየም ጀምሮ እስከ ሲዚየም፣ ከፍሎሪን ጀምሮ እስከ አዮዲን እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከሥር ለብቻቸው የተቀመጡትን ሁለት ረድፎች ማንም ሰው በጨዋታ እንዲይዛቸው አልመክርም፤ በምግብ ዝርዝሩ ውስጥ ኤርቢየምና ሆልሚየም ሲመጡ ሰላም ማለት ይበቃል። በ2016 ስም የወጣላቸው የመጨረሻዎቹ አራቱ፣ 113፣ 115፣ 117 እና 118 ግን ለእንቆቅልሽ ጥሩ ናቸው፤ ሰባተኛውን ረድፍ የሞሉት እነርሱ ናቸው።

መልሶች

ሀ) ወጥ፤ ተንግስተንና አስታቲን። ለ) ገንፎ። ሐ) ጥብስ። መ) ፍርፍር። ሠ) ቢንያም፦ ቢስመዝ፣ ናይትሮጅን፣ ኢትሪየም፣ አሜሪሲየም 224፤ ቦሮን፣ ኢንዲየም፣ ኢትሪየም፣ አሜሪሲየም 188፤ ቦሮን፣ አዮዲን፣ ናይትሮጅን፣ ኢትሪየም፣ አሜሪሲየም 199። ረ) ቅቤ በፖታሲየም፣ በአዮዲንና በቤሪሊየም፤ ቅንጬ በፖታሲየም፣ በኢንዲየም፣ በካርቦንና በሂሊየም። ቅንጬን ኢንዲየምን ለሁለት ከፍሎ 87 ያደረሰ ተጫዋች ተጨማሪ ካርድ ይገባዋል።